የአቶ ታንጋ ሙዝና የፈሰሰው ናፍጣ

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ናፍጣ ግን ይታፈሳል፤ ያውም በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በድስት። የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ይዛ የሮጠች ሴትም በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ያን ያየሁበትን ቀን ነው። የሥራዬም የትዳሬም ነገር በአንድ ቦይ ውስጥ አብሮ የፈሰሰበት ቀን ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ባደርገው አትቆጡኝ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ይህን ስም ያወጡልኝ ሰዎች ተስፋ አድርገው እንጂ አይተው አይደለም። ተወልጄ ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የዲጂታል ካርታ ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ስላችሁ ግን ብዙ እንዳትጠብቁ። ዋናው ሥራዬ በየኃላፊው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካርታ ማተም ነበር። አለቃዬ አቶ አስራት ካርታውን ራቅ ቀረብ አድርገው ያዩና፣ “ትዕግሥት፣ አረንጓዴው በዛ፤ ትንሽ ሰማያዊ ጨምሪበት” ይሉኛል።

“ሐይቅ ልጨምር ነው አቶ አስራት? ዓባያና ጫሞ አሉን፤ ሌላውን የት ላድርገው?”

“አንቺ ደግሞ መልስ አታጪም!” ብለው ይስቃሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከአዲስ አበባ ተመድበው ከመጡ ብዙ አልቆዩም፤ ሙቀቱ ያስመርራቸዋል፣ ስልክ ሲጠራ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ውጪ እንከን የላቸውም።

ታዲያ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና አገኘሁ። በባሕር ዳርቻ ላይ ዘይት ቢፈስ በዲጂታል ካርታ እንዴት አስቀድሞ መዘጋጀት፣ ከፈሰሰም በኋላ እንዴት መከላከል እንደሚቻል የሚያስተምር ነው። ተመዘገብኩ። ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። “የወደብ ጥያቄ ተመለሰ እንዴ?” አለኝ አንዱ። “መርከብ ስትነጂ አደራ እንዳትረሺኝ” አለችኝ ሌላዋ።

እኔ ግን ሐሳቤ ዓባያ ላይ ነበር። ዓባያ ምን አነሰው? ዳርቻ አለው፣ ዓሣ አለው፣ አዞ አለው። ከምዕራብ ዓባያ እስከ ጫኖ ድረስ ደግሞ ከአጠገቡ ቦቴ መኪና የሚመላለስበት አስፋልት አለው። አንዱ ቦቴ አንድ ቀን ቢገለበጥስ? ይህን ስጠይቅ አቶ አስራት፣ “በአፍሽ ጥሩ ተናገሪ” አሉኝ። የሥልጠናው መጨረሻ የራስን ዳርቻ በካርታ ማዘጋጀት ስለነበር እኔም በየቅዳሜው በሞተር ጀልባ የዓባያን ዳር መዞር ጀመርኩ። ዘይት ቢገባበት የማይጸዳውን ቄጠማና ዓሣ የሚራባበትን ቦታ ቀይ ቀባሁት፤ የእርሻውን ዳር ቢጫ፤ ዘይት ቢነካውም ታጥቦ የሚጸዳውን ድንጋያማ ቦታ አረንጓዴ።

ብቻዬን አልነበርኩም። በረከት አብሮኝ ይዞር ነበር። በረከት ጫኖ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የትኛው ዓሣ የት እንደሚራባ ያውቃል። መረጃ መሰብሰብ እንዲህ ደስ የሚል ሥራ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ የሰበሰብነው መረጃ ትንሽ ነው፤ የዋልንበት ሰዓት ግን ብዙ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አሁን የሰው ሚስት ነኝ።

ችግሩ የበረከት አባት ናቸው። አቶ ታንጋ የጫኖ ሙዝ አምራች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ከእኔ ጋር የተጣሉት በረከትን ከማወቄ በፊት ነው። ለመሬት ምዝገባ ማሳቸውን በጂፒኤስ የለካሁት እኔ ነበርኩ። መሬታቸው ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ሲባል ከኖረው አንሶ ወጣ። አነሰ አልኳቸው። እንደገና ለኪው አሉ፤ ለካሁት፤ ያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲያዩኝ፣ “ይቺ ልጅ የቆመችበትን መሬት ታሳጥራለች” ይላሉ።

በረከት ላገባት ነው ሲላቸው የሰጡት መልስ እስከ አርባ ምንጭ ተሰማ። “ሽማግሌ አልልክም! መሬቴን አጠበበች፤ አሁን ደግሞ ገብታ ቤቴን ልታጠበው ነው?” በእኛ ዘንድ ደግሞ የልጁ አባት ሽማግሌ ካልላከ ምንም ነገር የለም። በረከት ለመነ፤ እናቱ ለመኑ፤ ፓስተሩ ሳይቀሩ ለመኑ። አቶ ታንጋ ወይ ፍንክች!

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ቦቴው የተገለበጠው።

ጠዋት ነው። ቢሮ ገብቼ ላፕቶፔን ሳልከፍት አቶ አስራት ሮጠው መጡ። ኮታቸውን ገልብጠው ነው የለበሱት።

“ትዕግሥት! ቦቴ! ጫኖ! ናፍጣ! ቦይ ውስጥ!”

“ሹፌሩስ?”

“ደህና ነው፤ በራሱ ወጥቷል። አንቺ ነሽ ያሟረትሽው!”

ታብሌቴን ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ። አቶ አስራት መንገድ ላይ ብልህ ሐሳብ መጣላቸው። በእውነት ብልህ ነው፤ እኔም አጨብጭቤላቸዋለሁ። የዞኑ ሰው በሙሉ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ “ናፍጣ የፈሰሰበትን ቦታ ያያችሁ ሁሉ ፎቶና ሎኬሽን ላኩልን” ብለው ጻፉ። የሚመጣው ሎኬሽን እኔ ታብሌት ላይ እንደ ቀይ ነጥብ ይታያል። ናፍጣው የት እንደደረሰ ሕዝቡ ራሱ ይነግረናል ማለት ነው።

ወዲያው ነጥቦቹ ይዘንቡ ጀመር። አንድ ጫኖ። አንድ ደግሞ ጫኖ። ቀጥሎ ሲቀላ፣ አንድ ካፌ። ከዚያ አርባ ምንጭ መናኸሪያ። ከዚያ ሆስፒታል ጀርባ። ከዚያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ።

“ጉድ ፈላ!” አሉ አቶ አስራት። “ከተማ ገባ!”

“አቶ አስራት፣ ትንሽ ይቆዩ…”

ማን ይቆያል። የበላይ ኃላፊያቸው ጋ ደወሉ። በዚያው ቅጽበት አንድ ነጥብ ራቅ ብሎ፣ ደጋው ላይ ብቅ አለ፤ ካምባ ገበያ መሃል።

“ጌታዬ፣ ሁኔታው ከቁጥጥር ውጪ ነው። ናፍጣው ካምባ ደርሷል።”

ከስልኩ ውስጥ ድምፁ እኔ ጋ እስኪደርስ ድረስ፣ “ካምባ ተራራ ላይ አይደለም እንዴ?” የሚል መጣ።

አቶ አስራት አዩኝ። እኔ በመስኮት ውጪውን አየሁ፤ ካየኋቸው በሳቅ እፈርሳለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጫኖ ያለ አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ለዘመዱ ይልካል። ዘመድ ካፌ ቁጭ ብሎ ይቀበላል። እኛ አገር ደግሞ አደጋ ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሰው ለመርዳት ይቸኩላል። ፎቶውን ለእኛ ያስተላልፍና ሎኬሽን ላኩ ተብሏልና የራሱን፣ የተቀመጠበትን ሎኬሽን ይልካል። በቅንነት! የካምባው ሰውዬም ከልቡ ሊረዳን ብሎ ነው። የናፍጣውን መንገድ ብቻ ሳይሆን ደግ ሰው የሚኖርበትን ሁሉ ነበር ካርታው የሚያሳየኝ።

ከጫኖ ውጪ ያለውን ነጥብ ሁሉ አጠፋሁ። የቀሩት ነጥቦች አንድ መስመር ሠሩ። መስመሩን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ከአስፋልቱ ተነስቶ በመስኖ ቦዩ በኩል ትርፍ ውሃ ወደሚወርድበት ማፋሰሻ ይዞራል፤ ማፋሰሻው ደግሞ ዓባያ ላይ የሚያበቃው በረከትና እኔ ቀይ በቀባነው ቄጠማ ውስጥ ነው።

ስንደርስ ቦቴው በጎኑ ተኝቷል። ሳፋዋን የያዘችው ሴት ያን ጊዜ ነው በአጠገቤ የሮጠችው። ሹፌሩ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ “ኧረ በናታችሁ ክብሪት እንዳትጭሩ! ሁላችንም እናልቃለን!” እያለ ይጮኻል። ፖሊሶች ባለ ጀሪካኑን ሁሉ እያባረሩ ነው። ካንዱ በኩል ሲያባርሩ በሌላው በኩል ይመጣል። አንዱ ፖሊስ ደክሞት፣ “ቢያንስ ሲጋራውን ጣል!” ሲል ሰማሁት።

ገበሬው ግን ፈጣን ነው። ናፍጣ ሸተተው፣ ሮጠ፣ የየራሱን የቦይ በር በአፈርና በጆንያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ማን ይፈርድበታል? ማንጎው፣ ሙዙ፣ ፓፓያው ውስጥ ናፍጣ ሊገባ ነው። ሁሉም የራሱን ሲዘጋ ግን ለናፍጣው የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ማፋሰሻው፣ ከዚያ ሐይቁ። የላይኛውን ዋና የቦይ በር ስላስዘጋን አዲስ ውሃ አይመጣም። በቦዩ ውስጥ ያለው ግን ቀስ እያለ፣ እንደ ቀስተ ደመና እያብለጨለጨ ይወርዳል።

“አፈር ደልድለን እንገድበው” አሉ አቶ አስራት።

“ግድብ ብቻውን ሞልቶ ያልፋል። የሚጠራቀምበት ቦታ ያስፈልገዋል።”

ታብሌቱ ላይ ፈለግኩ። ከማፋሰሻው ብዙም ሳይርቅ፣ ለመንገድ ሥራ አፈር የተወሰደበት አሮጌ ጉድጓድ አለ፤ ጥልቅ ነው፣ ሥሩ ሸክላ አፈር ስለሆነ ቶሎ አያሰርግም። ናፍጣው እዚያ ከገባ በኋላ በቦቴ ተመጥጦ ይወጣል። ከማፋሰሻው እስከ ጉድጓዱ መስመር አሰመርኩ። ቁልቁል ነው፤ እንዲያውም ለዚሁ የተሠራ ይመስላል። አንድ ማሳ ብቻ ይቆርጣል።

የማንን ማሳ መሰላችሁ?

አዎ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልዋሽ ቃጣኝ። ያን መስመር የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ትንሽ ብገፋው፣ “ቦታ የለም” ብል ማንም አያውቅብኝም። ናፍጣው ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ግን የአማቴን ሙዝ አልነካሁም። በዚያ ሰዓት በረከት ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ። መስመሩን አሳየሁት።

“ሌላ መንገድ የለም?”

“አለ። ናፍጣው ካምባ መውጣት ከቻለ።”

አልሳቀም። ቀይ የቀባነውን ቦታ በጣቱ ነካ። “ይህ ከሄደ ዓሣው አለቀ” አለ። “ሙዙ ከተቆረጠ ደግሞ አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ሽማግሌ አይልክም። ታውቂያለሽ አይደል?”

“አውቃለሁ።”

“ቁረጪው” አለኝ። ያን ቀን ነው ከልቤ የወደድኩት። ከዚያ በፊት የነበረው ለካ መረጃ መሰብሰብ ነው።

ወጣቶች ማፋሰሻውን በአፈር ለጊዜው ሲገድቡ፣ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ እስካቫተር በልመና መጣ። ማሳው ጫፍ ደርሶ ክንዱን ሲያነሳ፣ አቶ ታንጋ ከሙዙ መሃል ወጡ። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። እስካቫተሩ ፊት ሄደው ተንበረከኩ።

ሞተሩ ጠፋ።

“ምን ሆነ? ለምን ቆመ?” አሉ አቶ አስራት።

ኦፕሬተሩ የጨንቻ፣ የጋሞ ደጋ ልጅ ነው፤ ከላይ ሆኖ አያቸው። “ሣር ይዘዋል።”

“ሣር ነዋ! እለፈው!”

“ጌታዬ፣ ልጆች አሉኝ። ማለፍ ከፈለጉ ቁልፉ ይኸው።”

ለማታውቁት፤ በጋሞ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ተራምዶ ማለፍ የለም። የተጋጨ ይለያያል፤ የተነሳ ዱላ ይወርዳል። የረገጠው ሰው ጎሜ ይሆንበታል፤ ነውሩና መዓቱ ለልጁም ይተርፋል። ሣሩን የተቀበለ ደግሞ ቂሙን በሙሉ ይተዋል። ይህን ይቅር ብዬ ያንን ልያዝ ማለት የለም።

እዚህ ላይ የሚያስቀው ነገር፣ አቶ ታንጋ በእሁድ ጉባኤ ላይ ቆመው “ጎሜ የሚባል ነገር በክርስቶስ ተሽሯል” እያሉ የሚያስተምሩ ሰው መሆናቸው ነው። ሙዛቸው ላይ ሲመጣ ግን ሣሩን ከየት እንዳገኙት አላውቅም።

ናፍጣው እየመጣ ነው። ግድቡ ጋ ያሉት ወጣቶች፣ “ሊሞላ ነው!” ብለው ይጮኻሉ። ምን ላድርግ? ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨሁ። በሁለት እጄ ያዝኩና ሄጄ ከአቶ ታንጋ ፊት ተንበረከክሁ።

“ኡኡቴ!” አለች አንዷ ከኋላ። ይህ የሽማግሌዎች ነገር ነው። አንዲት ሱሪ የለበሰች ያላገባች ልጅ ሣር ይዛ፣ ያውም ሣር ለያዘ ሰው ስትንበረከክ ማንም አይቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ አባባ ሹጉጤን አየ። አባባ ሹጉጤ በዕድሜም በክብርም ከአቶ ታንጋ በላይ የሆኑ፣ አገር የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። በበትራቸው ተደግፈው ሁለታችንን በተራ አዩ።

“እኔ ሽበት ያበቀልኩት ብዙ አይቼ ነበር” አሉ። “ሣር ለሣር ሲንበረከክ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ተነጋገሩ እንግዲህ።”

የተነጋገርነው በጋሞኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ጣዕሙ ትንሽ ቢቀንስ ይቅር በሉኝ።

“ጋሼ ታንጋ” አልኳቸው፣ “ሣር በእሁዱ ትምህርት ተሽሮ አልነበር እንዴ?”

ሰው ሳቁን አፈነ። አቶ ታንጋ ግን ዓይናቸው ቀልቷል። “አንድ ጊዜ መሬቴን አሳጠርሽ። አሁን ደግሞ ልትቆርጪው መጣሽ። ይህ መስመር የተጣመመው ሽማግሌ ስላልላክሁ ነው። ቂም ነው!”

ያ ቃል ወጋኝ። እንባዬ መጣ። ተናድጄ ይሁን አዝኜ እስካሁን አላውቅም። ሣሬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ።

“ቂም ከመሰለዎት እርስዎ ይሳሉት።”

“ምን?”

“ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ። በጣትዎ ይሳሉ። ከሥር የሚወጣው ሥዕል የመሬቱ ከፍታ ነው፤ አቀበት ከሆነ ይወጣል፣ ቁልቁለት ከሆነ ይወርዳል። እርስዎ የሳሉትን እንቆፍራለን።”

“ትዕግሥት!” አሉ አቶ አስራት ከኋላዬ። አልዞርኩም።

አቶ ታንጋ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። የራሳቸውን ማሳ በደንብ ዞረው፣ በጎረቤታቸው በወይዘሮ አበበች ፓፓያ በኩል አሰመሩ። ሥዕሉ ሽቅብ ወጣ።

“ወጣ!” አለ ከትከሻቸው በላይ የሚያየው ሕዝብ በአንድ ድምፅ።

“እሰይ!” አሉ ወይዘሮ አበበች። “ፓፓያዬ ጌታ አለው!”

“ናፍጣ አቀበት አይወጣም ጋሼ። ይህን አቶ አስራትም ዛሬ ጠዋት ነው ያወቁት።”

በሌላው በኩል አሰመሩ። ይህኛው ቁልቁል ወረደ፤ ቀጥ ብሎ። አቶ ታንጋ ፊታቸው በራ። “ይኸው! ይኸው መንገድ! አየሽ ሸፍጥሽን?”

“ጥሩ ነው። መጨረሻው የት እንደሆነ ይዩ።”

ታብሌቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። መጨረሻው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ያውም የውሃ ጉድጓዱ።

“ሽማግሌያችን ናፍጣ ሊያጠጡን ነው!” አለ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች አንዱ። አሁን ሰው ሳቁን መያዝ አልቻለም። አቶ ታንጋም ራሳቸው ሊስቁ ትንሽ ቀራቸው፤ ግን ቶሎ ኮስተር አሉ።

“በቃ ወደ ሐይቁ ይሂድ። ሐይቅ ሰፊ ነው” አሉና ወደ ዓባያ አሰመሩ። ጣታቸው ቀዩ ላይ ቆመ። “ይህ ቀዩ ምንድን ነው?”

“ዓሣ የሚራባበት ቄጠማ ነው። በረከት ነው ያሳየኝ።”

“አዞ ያለበት ነው?”

“አዞ ያለበት።”

“ናፍጣ እዚያ ከገባ ማን ገብቶ ይጠርገዋል?”

“እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነበር።”

ከግድቡ በኩል ጩኸቱ በረታ። አቶ ታንጋ ቀና ብለው ሙዛቸውን አዩት። ዘለላው ከብዶት ያጎነበሰ፣ ሊቆረጥ የደረሰ ሙዝ ነው። “በረከትን ያስተማርኩት በዚህ ሙዝ ነው” አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኔም። በዚያን ሰዓት የሙዙን ነገር እንደ ቀልድ ማየቴ አሳፈረኝ።

“ካላስተማሩት ቀዩን ማን ያሳየኝ ነበር ጋሼ?” አልኩ።

ጣታቸውን ማፋሰሻው ላይ አደረጉ። በቀስታ በገዛ ማሳቸው መሃል እስከ ጉድጓዱ ድረስ አሰመሩ። ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ወረደ። ማንም አልጮኸም።

“ቀጭን አድርጊው” አሉኝ።

“ቀጭን ነው ጋሼ።”

“ማሳጠር እንደሆን ታውቂበታለሽ።”

የያዙትን ሣር መሬት ላይ አስቀመጡና የእኔን ሣር በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ተነስተውም ኦፕሬተሩን፣ “ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ንዳ!” ብለው ጮኹበት።

አዲሱ ቦይ የግድቡ አናት መርጠብ ሲጀምር ደረሰ። የመጨረሻውን ጉማጅ አፈር በዶማ የናዱት አቶ ታንጋ ራሳቸው ናቸው፤ “ሙዜን ሌላ ሰው አይቆርጥም” ብለው። ናፍጣው ቆም አለ፤ ዞረ፤ ከዚያ በወደቀው ሙዝ መሃል እየተንኳለለ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። እልልታው ቀለጠ። አቶ አስራት አቀፉኝ። ኮታቸው አሁንም እንደተገለበጠ ነው።

በረከትና እኔ በጀልባ ሄደን ቄጠማውን አየን። ናፍጣ አልደረሰበትም። አንድ አዞ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ታዘበን። እዚያ ትንሽ ቆየን። መረጃ ስንሰበስብ ነው።

ስንመለስ ፀሐይ ልትገባ ነው። አቶ ታንጋ ከወደቀው ሙዝ አጠገብ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተቀምጠዋል። ለሠራው ሰው ሁሉ ሙዝ እያደሉ ነው። አባባ ሹጉጤ አጠገባቸው ቁጭ ብለው አንዱን ሙዝ እየላጡ፣ “እና ታንጋ፣ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?” አሉ።

“የምን ሽማግሌ?”

“ለዚች ልጅ ቤት ነዋ።”

“እሱን እኮ ጨርሼዋለሁ። አልልክም ብያለሁ።”

“ሣሯን ተቀብለሃል።”

አቶ ታንጋ የተቀበሉኝን ሣር ከኪሳቸው አወጡ። አዩት። ወደ እኔ አዩ። ወደ ሣሩ ተመለሱ። ሣር የተቀበለ ሰው ቂሙን በሙሉ ይተዋል፤ የሙዙን ብቻ ለይቶ አይተውም። ይህን እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

“ኧረ የጌታ ያለህ!” ብለው ተነሱ። “ይቺ ልጅ በናፍጣ አሳብባ ባል ወሰደች!”

ጫኖ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ታንጋ መጨረሻ ላይ ራሳቸውም ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው።

“ስትንበረከኪ ይህን አስበሽ ነበር ወይ?” ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በረከትም እስካሁን ይጠይቀኛል። የማስታውሰው ናፍጣው እየመጣ እንደነበር ብቻ ነው። ሣር ስነጭ ሌላ ነገር አስቤ ከሆነ ደግሞ በእኔና በሣሩ መካከል ይቅር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ድሮ ካርታ ሠርቼ፣ አትሜ፣ “ይኸው” እል ነበር፤ ሰውም የሚያየው እንደ ፍርድ ወረቀት ነው። አሁን የትም ቀበሌ ስሄድ መጀመሪያ ታብሌቱን ለሰዉ እሰጣለሁ። “እናንተ ሳሉት” እላለሁ። ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የጎረቤት ማሳ ላይ ያሰምራሉ፣ ጎረቤት ይጮኻል። ሲደክማቸው መሬቱ ራሱ ይነግራቸዋል። አሁን በዓባያ ዳር ከምዕራብ ዓባያ ጀምሮ፣ ቦቴ ቢገለበጥ ናፍጣው የት እንደሚገደብ፣ በማን ማሳ እንደሚያልፍ ባለማሳው በጣቱ ያሰመረው ካርታ አለን። እናንተም ሰው አልሰማ ካላችሁ፣ ከመጮኻችሁ በፊት እስቲ ጣቱን ተዋሱት። የቴሌግራም ግሩፑም ሕግ ወጥቶለታል፤ “ናፍጣውን ካላዩ ሎኬሽን አይላኩ” ይላል። አቶ አስራት ናቸው የጻፉት። የካምባው ሰውዬ ግን ለሠርጋችን ማር ልኮልናል።

ሽማግሌው ተላከ። አቶ ታንጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከሠርጉ በፊት መሬታቸው እንደገና እንዲለካ። ለካሁት። የድሮው ልኬት ያው ነው፤ አዲሱ ቦይ ሲቀነስ ደግሞ ከበፊቱም አነሰ። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ወጡ።

በሳምንቱ ገበያ ላይ አንድ ሰው፣ “አቶ ታንጋ፣ መሬትህ አነሰ አሉ” ብሎ ሲያሾፍባቸው ከኋላቸው ነበርኩ፤ አላዩኝም።

“አላነሰም” አሉት ኮስተር ብለው። “ልኩ ያ ነው። የለካችው ምራቴ ናት።”